በሁለተኛው መስመር ላይ ያለችው ልጅ

እናቴ ሌላ ሴት ልጅ እንዳላት ያወቅሁት በአባቴ ሥራ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ነው። ልጅቷ ከእኔ ትበልጣለች። ትምህርቷን ጨርሳለች፣ ሥራ ይዛለች፣ የሚያስለቅሳት ሰውም አላት። የምትኖረው ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። የነገረኝ የለም፤ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ነው የደረስኩበት። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የደረሰበትን ነገር በቀላሉ አይለቅም።

አባቴ ማኅተም ቀራጭ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የሚፈልገውን ምልክት ይነግረዋል፤ አባዬ ኮምፒውተሩ ላይ ያሰናዳዋል፤ ከዚያ በወፍራም ገመድ የተያያዘችው መቅረጫ ማሽን እያጉረመረመች ጎማውን ትፈለፍለዋለች። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከትራሳችን እስከ ደብተሬ ድረስ ገብቶ ነበር። ማኅተም ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ አባዬ ከቀናው ጽሑፍ ይልቅ የተገለበጠውን ቶሎ ያነባል። የእንግሊዝኛውንም ፊደል አሳምሮ ይቀርጸዋል፤ ትርጉሙን ግን በግምት ነው።

ጎማ አንዴ ከተፈለፈለ ተፈለፈለ ነው፤ መልሰው አይሞሉትም። ስለዚህ አባዬ በዚህ ዓለም ላይ እንደ ሙከራ የሚጠላው ነገር አልነበረም። "እስቲ ልሞክረው" የሚል ሰው ከሰማ ቆሽቱ ያርራል። "እዚህ ቤት ሙከራ የለም!" ይላል። "ወይ ይሠራል፣ ወይ እጅ ይሰበሰባል።" ጫማ ሊገዛልኝ ሄደን ሻጩ "ትሞክረው" ሲል እንኳ ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ እማዬ በሳቅ ትሞታለች።

ኮምፒውተሩ በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም። ሳጥኑ ድሮ ነጭ እንደነበር እማዬ ትመሰክራለች፤ እኔ የማውቀው በጎማ ጭስ ቢጫ ሆኖ ነው። ሲነሳ እንደ ጉንፋናም ሰው አፍንጫውን እየነፋ ነው። ያም ሆኖ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም ነበር፤ መቅረጫዋ የምትታዘዘው እሱን ለሚያስነሳው አሮጌ ሲስተም ብቻ ነበርና። አዲስ ነገር ስታይ ታኮርፋለች። የምንበላው ደግሞ ከእሷ ነው።

እማዬ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ድምፅ የሚባል ነገር ነበራት! ከመንገድ ማዶ "ሚጣዬ!" ብላ ስትጣራ የሰፈሩ ሚጣ ሁሉ ዞር ይላል። በዚያ ዓመት ግን ድምፅዋ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ከዚያም ንግግሯን ሳትጨርስ መሃል ላይ ይከዳት ጀመር። ጉንፋን ነው ተባለ። ጉንፋን አልነበረም። ከአባዬ ጋር ሐኪም ቤት ተመላለሱ፤ ሲመለሱም የኩሽናውን በር ዘግተው ሹክሹክታ ነው። ከሹክሹክታው እኔ ጋ የደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐኪሙ "ድምፅሽን ቆጥቢ" ብሏታል።

መቆጠብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው የሚቆጥበው ለሌላ ቀን ነው፣ ወይም ለሌላ ሰው። እማዬ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ነገሯ ሁሉ በጣትና በራስ ንቅናቄ ሆነ። "እማዬ፣ ሥዕሌን እዪልኝ" ስላት ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋ ታልፋለች። ተረት ቀረ። ቁጣ እንኳ ቀረ፤ ወተት ስደፋ ዝም ብላ ወለሉን ትወለውላለች። በተቆጣችኝ! ሆድ ባሰኝ። ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

በዚህ መሃል አጎቴ መጣ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰው ሁሉ ሽቦ ነው የሚለው፤ ቀጭን ስለሆነም፣ ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋም። ቢጫውን ሳጥን ከፍቶ፣ አንጀቱን ዘርግፎ፣ ከአባዬ ጋር ይከራከራል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነኝ።

"ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ ልታኖራቸው?" ይላል አባዬ።

"አኖራቸዋለሁ። መሃል ላይ ግድግዳ አቆማለሁ። አሮጌው ሲስተም በክፍሉ፣ አዲሱ በክፍሉ። አይነካኩም።"

"አሮጌውን ከነካህብኝ ጾማችንን አደርን ማለት ነው።"

"አልነካውም አልኩህ እኮ፣ ጋሼ!"

"አዲሱስ የግድ ነው? አሮጌው ላይ ለእሷ ቦታ አይገኝላትም?"

"ሞከርኩት፤ አልሆነም።"

"ሞከርኩት አትበለኝ!"

"እሺ፣ ጫንኩት። ጫንኩትና አነቀው። ለእሷ የሚሆናት አዲሱ ነው። በል አሁን አታዘግየኝ፤ ጊዜ የለንም።"

ከጠረጴዛው ሥር የማየው የአባዬን እግር ብቻ ነበር፤ አንዱ ጫማ ሌላውን ይረግጠዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ፣ አንዲት "እሷ" ልትመጣ እንደሆነና ክፍል እየተሠራላት መሆኑ ነው።

ሥራው ጊዜ ወሰደ። አዲሱ ሲስተም ለአሮጌው ሳጥን ከበደው፤ ግማሽ ድረስ ይሄድና ቀጥ ይላል። ሽቦ ከሱቁ፣ ከተፈታታ ኮምፒውተር ላይ፣ ሜሞሪ ነቅሎ አምጥቶ ሰካበት። የሲዲ ማስገቢያውን በጥጥ ጠረገው። ለመነው፣ ሰደበው፣ እንደገና ለመነው። አባዬ ከኋላው ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። በመጨረሻ አንድ ቀን ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ሁለት ነጭ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ላይኛው አሮጌው ሲስተም፣ ታችኛው አዲሱ። ኮምፒውተሩ የቱን እንደምንፈልግ ጠይቆ ይጠብቀናል። ሽቦ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። አባዬ የላይኛውን ከፍቶ መቅረጫዋ ዛሬም እንደምትታዘዝለት ሲያይ ትንፋሹ ተመለሰ። እማዬ ግን ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን መስመር በጣቷ ዳበሰችው። ሥዕሌን እንደዚያ አድርጋ ነክታልኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ የሥራው ክፍል በር ይዘጋል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ መቅረጫዋ ትጠፋለች፤ ቢጫው ሳጥን እንዳይጮህ በአሮጌ ካፖርት ይጠቀለላል። አባዬ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦልኝ፣ "ማንም እንዳያንኳኳ ጠብቂልኝ፣ እሺ የኔ ጀግና? ውስጥ ከባድ ሥራ አለ" ይለኛል። ጆሮዬን ከሳንቃው ላይ ለጥፌ እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የማውቀውን ነው። "ተነሺ፣ ረፈደ።" "ሹራብሽን ልበሺ፣ ብርድ ነው።" "ጥርስሽን ታጥበሻል?" የኔ ናቸው! የተነፈግኳቸው ቃላት እዚያ ውስጥ ለሌላ ሰው ይታደላሉ። አንዱን ብላ ዝም ትላለች፤ አባዬ ማውሱን ጠቅ ያደርጋል፤ ሌላውን ትላለች። አንዳንዱን ደግማ ደጋግማ ትለዋለች፣ እስኪያምር።

እየቆየ ልጅቷ አደገች። "ፈተናው እንዴት ነበር?" ትላታለች እማዬ። "ዝቅ ብታመጪስ? ሰማይ አይደፋም።" ከዚያ፣ "እንኳን ደስ አለሽ! ተመረቅሽልኝ!" ከዚያ ደግሞ፣ "የአለቃሽን ቁጣ ቢሮው ውስጥ ትተሽው ነይ።" አንድ ቀን በጣም ቀስ ብላ፣ ድምፅዋ እየተሰነጠቀ፣ "አታልቅሺ። እሱ ካላወቀልሽ የሚያውቅልሽ ይመጣል" ስትላት ሰማሁ። በሌላ ቀን እየሳቀች፣ "እስቲ ዙሪ፣ ልይሽ። ቬሎው እንዴት አምሮብሻል!"

እኔ ቬሎ የለኝም። አለቃ የለኝም። የሚያስለቅሰኝ እሱ የሚባል ሰው የለኝም፤ የሚያስለቅሰኝ እሷ ናት። በርጩማው ላይ ሆኜ ጉልበቴን እየቧጨርኩ ያቺን ትልቅ ልጅ ጠላኋት። እናቴ ድምፅዋን ከእኔ ቆጥባ የምታጠራቅመው ለእሷ ነበር።

አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ አየኋቸው። እማዬ አፏ ላይ መሀረብ ይዛ ትስላለች። አባዬ የውሃ ብርጭቆ ይዞ፣ "ለዛሬ ይብቃሽ እንጂ" ይላታል።

"ገና ነኝ" አለች። ድምፅዋ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። "ገና ምን አደረግሁና! መች ዳርኳትና!"

ሽቦ ግድግዳው ጋ ቆሟል። "እኅቴ፣ እስካሁን ያለውን ልገልብጠውና ሌላ ቦታ ላስቀምጠው።"

"ተፈልፍሎ ያላለቀ ማኅተም ወረቀት ላይ አይመታም" አለው አባዬ። "መጀመሪያ ትጨርስ።"

ሽቦ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ እማዬ እንደገና ስትስል መልሶ ዘጋው። እኔ በሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁና "እማዬ" አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ማይኩ ክፍት ነበር።

ዛሬ እኔ እማዬ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። አሁን ሳስበው ያ ጣት ለእኔ ዝም በዪ ማለት ብቻ አልነበረም። እሷም ልትመልስልኝ ፈልጋ የራሷን አፍ ይዛ ነበር።

ሆስፒታል የምትገባበት ቀን ደረሰ። ለእኔ "ጉሮሮዋን ሊያጥቡላት ነው" ተባለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እኔን ልትጠብቅ መጥታ፣ ደጃፍ ላይ እጄን ይዛ ቆማለች። እማዬ አቅፋኝ፣ ስማኝ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ከሽቦና ከአባዬ ጋር መንገዱን ተሻገረች። አኩርፌ መሬት መሬት አያለሁ። ታክሲው በር ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለችና፣ "ሚጣዬ!" ብላ ጮኸች። እንደ ድሮው! የሰፈሩ ሚጣ ሁሉ ዞረ። አባዬ ክንዷን ያዘ፣ ሽቦ ፊቱን አዞረ፤ እሷ ግን ደገመችው፣ "ሚጣዬ! ሚጣዬ!" ልቤ ቅቤ ጠጣ። ታረቀችኝ አልኩ። ተመልሳ ስትመጣ እንደ ድሮው ልንሆን ነው ብዬ፣ ታክሲው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ እየዘለልኩ እጄን አውለበለብኩ።

ልብስ ሰፊዋ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም ነበር።

እማዬ በተኛችበት ሰሞን ሽቦ ከአልጋዋ ሥር አልጠፋም። አባዬ ግን እየሄደ ይመለሳል፤ የተቀጠረ ሥራ ነበረበት። መጥፎ ነገር ሲመጣ ተጠራርቶ ነው መሰለኝ፣ ያን ሰሞን አሮጌው ሲስተም ታመመ። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው ቫይረስ ገብቶበት የማኅተሙ ፕሮግራም አልከፍትም አለ። መቅረጫዋ ቀጥ አለች። እማዬ ልትወጣ አንድ ቀን ቀርቷት አባዬ የአሮጌውን ሲስተም ሲዲ ከመሳቢያ አወጣ።

"ሽቦ ሲሠራ አይቻለሁ" አለኝ፣ የሚያናግረው ሌላ ሰው ስላልነበረ። "አሮጌውን በራሱ ክፍል እንደገና መትከል ነው። የእሷን ክፍል አልነካም። ይኸው ተመልከቺ፤ ግድግዳው ወዲህ ነኝ።"

እውነቱን ነው፤ አልነካም። ይህን ዛሬ በሙያዬ እመሰክርለታለሁ። ሥራውን አሳምሮ ጨረሰ፤ መቅረጫዋ አጉረመረመች፤ ጎማው ሸተተ። አባዬ እያፏጨ ማኅተሙን ጨርሶ ኮምፒውተሩን አጠፋና፣ የእማዬን ድምፅ ሊሰማ መልሶ አበራው።

ሁለቱ መስመሮች አልመጡም። ሳጥኑ አፍንጫውን ነፍቶ በቀጥታ ወደ አሮጌው ገባ።

አባዬ አጠፋው፣ አበራው። አጠፋው፣ አበራው። "የት ሄደ?" አለ። ሳጥኑን መታ መታ አደረገው። እንጥሉ ዱብ ሲል በዓይኔ ያየሁ ነው የሚመስለኝ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። "ሁለተኛው መስመር የት ሄደ? ሚጣ፣ አንቺም አይታይሽም?"

"አይታየኝም" አልኩት። ትልቋ ልጅ ሄደች ማለት ነው። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ስልኩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። "ሽቦ አጠገቧ ነው" ይላል ለራሱ። "ስነግረው ፊቱን ታነበዋለች። ዛሬ እንኳ እዚያ አልጋ ላይ ሆና፣ ቤት ስገባ ላናግራት ነው ብላ በጣቷ ስታሳየኝ ነበር። አላደርገውም፤ አላደርገውም።" ክፍሉ ውስጥ ተንቆራጠጠ። ከዚያ እጄን ይዞ እየጎተተ ሲዲ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰደኝ፤ እሮጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የሲዲው ነጋዴ ጎረምሳ ነው። ጨርሶ ሳይሰማው አንድ ሲዲ አወጣለት። "ይሄ ሌላ ሲስተም ነው፣ ሳይጫን ከሲዲው ላይ ይነሳል። ዝም ብለህ ክፈትና ግባ፤ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታይሃል።"

"ይመልሰዋል?"

"ኧረ መጀመሪያ እይበት እንጂ! ካየኸው..."

አባዬ የቀረውን አልሰማም፤ ደጅ ወጥተናል።

ቤት ገብቶ ሲዲውን አስገባ። ያልለመድነው፣ የሚያምር ነገር መጣ፤ ቀለም ያለው፣ ከመሃሉ ሁለት ሳጥኖች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የእንግሊዝኛ ቃል። አባዬ ጣቱን እያስኬደ ያነባል፤ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል። "ይሄ... ሞክር ነው የሚለው። ይሄኛው... ጫን።" ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። "ሞክር?" አለ። "ሚስቴ ነገ ትመጣብኛለች፤ እኔ እሞክራለሁ? እዚህ ቤት ሙከራ የለም!"

ጫን የሚለውን ነካ።

ጥያቄዎች መጡ፤ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። አንደኛው ጥያቄ ላይ የሁለተኛውን ክፍል ቁጥር ሲያይ ፊቱ በራ። "ይኸው! አገኘልኝ! እሱን ነው የምፈልገው፣ ሁለተኛውን!" አለና አዎ አለው። ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። አባዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እጁን አጣምሮ ያየዋል። እኔም ጎኑ ተንበረከክሁ። እሱ እንድትመለስ ይለምናል፤ እኔ እንዳትመለስ።

የተሰማው የእኔ ነው። አዲሱ ሲስተም ሲከፈት ቤቱ ሁሉ ባዶ ነበር። አባዬ አንዱን ፎልደር ይከፍታል፣ ባዶ፤ ሌላውን ይከፍታል፣ ባዶ። ወጥቶ ይገባል። ሲጨርስ ተነሳና ቢጫውን ሳጥን እንደ ሰው አቅፎ፣ ግንባሩን ላዩ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። አባት ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። የሚያሰማው ድምፅ ከመቅረጫዋ ማጉረምረም ጋር ይመሳሰላል። ውሃ አመጣሁለት። "አይዞህ አባዬ፣ እኔ አለሁልህ" አልኩት። አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ አለችህ ማለቴ ነበር። ይባስ ብሎት አለቀሰ።

በማግስቱ እማዬ አንገቷን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ መጣች። ቀጥናለች። አቅፋኝ ከላይ እስከ ታች ሳመችኝ፤ እኔም ንግግሯን ጠበቅሁ። አሁን ለሌላ የምትቆጥብበት ምክንያት የለም፤ አይደለም? እሷ ግን ፈገግ ብላ "ቆይ" በሚል ጣት ወደ ሥራው ክፍል ጎተተችኝ። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። አባዬ ከኋላ፣ "አረፍ በዪ መጀመሪያ፣ ሻይ ልስጥሽ፣ ቆይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ" ይላል። አልሰማችውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እኔን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ኮምፒውተሩን አበራች።

ያ ቀለማም ነገር መጣ። እማዬ ጠበቀች። እጇ ማውሱ ላይ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ፈለገ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች። አባዬ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ሰማይ የተደፋበት ሰው ነበር የሚመስለው።

"እኔ ነኝ" አላት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በገዛ እጄ።"

ሽቦ የመድኃኒቱን ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ ዝምታው አስጨነቀኝና የምሥራቹን አወጣሁት። "እማዬ፣ ትልቋ ልጅሽ ሄደች! አሁን እኔን ታናግሪኛለሽ።"

"የቷ ልጅ?" አለኝ ሽቦ።

"ያቺ ትምህርቷን የጨረሰችው። ቬሎዋ ያማረባት። እማዬ አታልቅሺ ያለቻት ናታ!"

ሽቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማዬ አፏን ከፈተች፤ ከአንገቷ ሥር፣ ከሻሹ ውስጥ፣ አየር ብቻ ወጣ። ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈችኝና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ሳቀች አልኩ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። ይህን ሽቦ ነው በኋላ፣ ትልቅ ሰው ስሆን የነገረኝ። እማዬ የድምፅ ሳጥኗን ከሚያወጣው ቢላ በፊት በቀራት ድምፅ ዕድሜዬን ሁሉ ቀድማ ልትሄድልኝ ነበር ያሰበችው። ስመረቅ አንዱን ቃል ነክታ ታሰማኛለች፤ ልቤ ሲሰበር ሌላውን፤ ስዳር ሌላውን። የተመረቅሁ ቀን መጥታ ደጋግማ አጨበጨበችልኝ። ልቤ የተሰበረ ጊዜ ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ጸጉሬን አበጠረችው። በቬሎ ስዞርላት አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለችኝ ከበር ውጪ ተቀምጬ ስለሰማሁት አውቀዋለሁ። ጭብጨባዋን ግን ለመድነው። ከመንገድ ማዶ ስታጨበጭብ ከሚጣዎቹ ሁሉ የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ።

ሥራዬን ከሽቦ ተማርኩና እሱ ሱቅ ውስጥ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ላፕቶፑን ይዞ እየጮኸ መጣ። ሁለት ሲስተም ነበረው፤ አሮጌውን እንደገና ሲጭን አዲሱ ከነፋይሉ ጠፋ። "አዝናለሁ፣ አይመለስም" ልለው አፌን ስከፍት ሽቦ ከእጄ ወሰደው።

"አልጠፋም" አለው ሰውየውን። "አሮጌው ሲገባ የአዲሱን በር ይደፍንበታል እንጂ ቤቱ እንዳለ ነው። ከውጪ በሲዲ ተነስተህ ብታይ ሁሉም ቁጭ ብሏል።" ጥቂት ትእዛዞችን ጻፈ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ሁለት መስመሮች መጡ።

ሰውየው እየመረቀን ሄደ። እኔ የያዝኩትን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ሽቦ ዞርኩ። ሽቦ ሊያየኝ አልቻለም፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሽቦ እያጣመመ፣ "እናትሽ ከሆስፒታል የተመለሰች ቀን፣ ያን ስክሪን ሳይ ነው ያወቅሁት" አለኝ። "ሲዲው ላይ የመጀመሪያውን ሳጥን፣ ሞክር የሚለውን፣ ነክቶ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያገኛት ነበር። ለአባትሽ ነግረሽ እንዳትገድዪው።"

አባዬ አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ ማኅተም አይቀርጽም። ምሳ ልበላ በሄድኩ ቁጥር ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ያንኑ ነው የሚጠይቀኝ።

"መቼም አንቺ የተማርሽው ነገር ነው፤ እስቲ ንገሪኝ። ያን ቀን ሞክር የሚለውን ብነካው ኖሮስ?"

"ያው ነበር፣ አባዬ። መስመሩ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ጠፍቷል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል። እማዬ ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አትነቅልም። ድምፅ የሌለው ሰው ፊት ማንበብ ይለምዳል፤ ስዋሽ ምን እንደምመስል ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቃለች። ጥቂት ታየኛለች። ከዚያ ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለች፤ በእኛ ቤት ይህ "በቃ፣ ብሉ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ" ማለት ነው። አባዬም ማንኪያውን ያነሳል።